ከሥር የሚያቃጥል፣ ከላይ የማያበስል ኦቨን፦ ከኅዳር ሚካኤል እስከ ገና ዋዜማ የያዝኩት ማስታወሻ

ኅዳር 12

ለሚካኤል ማኅበር የደፋሁት ድፎ ዳቦ ተበላሸ። ሁለት ኪሎ ዱቄት፣ ጥቁር አዝሙድና ድንብላል የገባበት፣ ሊጡ ሌሊቱን ኩፍ ብሎ ያደረ ዳቦ ነበር። ሳወጣው የሥረኛው ኮባ ከሰል ሆኗል፤ ከላይ ግን ፊቱ ነጭ ነው። ስቆርጠው ቢላዋው ላይ ጥሬ ሊጥ ተጣበቀ። ኦቨኑ 180 ላይ ነበር፣ አንድ ሰዓት ከአስር ደቂቃ ቆየ፤ ከዓመታት በፊት ጀምሮ የምሠራበት ልክ ነው። ማኅበርተኞቹ ፊት ከዳቦ ቤት የተገዛ ፉርኖ ቀረበ። እናቴ የተቃጠለውን ኮባ ከዳቦው እየላጠች፣ «እሳቱ ነው እንጂ እጅሽ አይደለም» አለችኝ። ከሆነ እሳቱን ማወቅ አለብኝ ብዬ ይህን ደብተር ከፈትኩ።

ዕቃው፦ ከላይ አራት የጋዝ ምድጃ፣ ከሥር የኤሌክትሪክ ኦቨን ያለው፣ ወርዱ 60 ሴንቲ ሜትር። የጀርባው ሰሌዳ ላይ 220 ቮልት፣ የታችኛው ማሞቂያ 1,200 ዋት፣ የላይኛው 800 ዋት ይላል። ሁለት መዘውር አለው፤ አንዱ የትኛው ማሞቂያ እንዲሠራ ይመርጣል፣ ሌላው ከ50 እስከ 250 ያለውን ሙቀት። ስድስት ዓመቱ ነው። ባለፈው ግንቦት ቤት ስንቀይር በአይሱዙ ተጭኖ መጣ። ወደ ኋላ ሳስበው ብስኩቱ ቶሎ መጥቆር የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው፤ እኔ ግን ቁጥሩን ትንሽ ትንሽ እየቀነስኩ ዝም ብዬ ስሠራ ቆየሁ።

ኅዳር 14

ገንዘብ ሳላወጣ ልፈትን አልኩ። እናቴ የምጣድ እሳት የምትለካው ዱቄት በትና ነው፤ ቶሎ ከጠቆረ እሳቱ በዝቷል፣ ነጭ ሆኖ ከቆየ አልደረሰም። በትሪ ላይ አንድ ማንኪያ ዱቄት በትኜ 180 ላይ አስገባሁ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጥቁር ቡናማ ሆነ። እሳቱ እንደበዛ አወቅሁ፣ በምን ያህል እንደበዛ ግን ዱቄት አይናገርም።

ቀጥሎ ስኳር። ተራ ነጭ ስኳር የሚቀልጠው 186 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሆነ እንደ መለኪያ ያገለግላል። ኦቨኑ በደንብ ከሞቀ በኋላ በአሉሚኒየም ወረቀት ላይ ግማሽ ማንኪያ አስቀምጬ 15 ደቂቃ ጠበቅሁ። መዘውሩ 175 ላይ ሳለ መቅለጥ አልነበረበትም፤ ቀለጠ፣ እንደ ማርም ጠቆረ። 150 ላይም ቀለጠ። 130 ላይ ብቻ እንደ ነበረ ቀረ። ስለዚህ መዘውሩ 150 ሲል ውስጡ ቢያንስ አንዳንዴ ከ186 በላይ ይወጣል። ይህ ትንሽ መዛባት አይደለም።

ኅዳር 17

መርካቶ ሄጄ ሙቀት የሚለካ መልቲሜትር ገዛሁ፤ 1,650 ብር። ጫፉ ላይ እንደ ጤፍ ፍሬ የምታክል የብረት እንክብል ያለችበት ቀጭን ሽቦ አብሮት ይመጣል። ሙቀቱን የምትለካው እንክብሏ ናት። ሽቦው ቀጭን ስለሆነ በኦቨኑ በር ጎማ ሥር አልፎ በሩ ይዘጋል። ለኦቨን የሚሆን የሚንጠለጠል ክብ ቴርሞሜትር በግማሽ ዋጋ ነበረ፤ ነገር ግን መልቲሜትሩ ቮልትና ኦምም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ስለሚለካልኝ እሱን መረጥኩ። ከሁሉም ግዢዎች የማልጸጸትበት ይህ ነው።

ትክክለኛነቱን ለማረጋገጥ እንክብሏን የሚንተከተክ ውሃ ውስጥ ነከርኳት። 92 አለ። ውሃ በ100 ይፈላልና ዕቃው 8 ዲግሪ ያሳንሳል ብዬ ደብተሬ ላይ «በእያንዳንዱ ንባብ ላይ 8 ጨምሪ» ብዬ ጻፍኩ።

ኅዳር 18

የመጀመሪያ ልኬት። እንክብሏን በወረቀት ማያያዣ ሽቦ ከመደርደሪያው መሃል ላይ አንጠልጥያለሁ፤ ብረት ከነካች የምትለካው የብረቱን ሙቀት ነው። ኦቨን በአንድ ቁጥር ላይ አይቆምም፤ ይሞቃል፣ ቀዩ መብራት ይጠፋል፣ ይበርዳል፣ መብራቱ ይበራል። ስለዚህ መብራቱ ሦስት ጊዜ ጠፍቶ እስኪበራ ጠብቄ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን እየያዝኩ መካከለኛውን ወሰድኩ። አንድ ጊዜ ብቻ አይቶ መፍረድ ያሳስታል፤ በአንዱ ዙር ውስጥ ብቻ ከ20 ዲግሪ በላይ ወጥቶ ይወርዳል።

8 ሲጨመርበት፦ መዘውሩ 100 ሲል 126፣ 150 ሲል 198፣ 200 ሲል 270። የሽቦው ልባስ የሚችለው እስከ 250 ብቻ ነው ስለተባለ 200 ላይ ብዙ አላቆየሁም።

ኅዳር 19

ታናሽ ወንድሜ ደውሎ ስነግረው፣ «እኅቴ፣ አዲስ አበባ ላይ ውሃ መቼ በ100 ፈልቶ ያውቃል?» አለኝ። እውነቱን ነው። 100 የባሕር ጠረፍ ቁጥር ነው። እኛ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ከፍ ብለን ነው የምንኖረው፤ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። መልቲሜትሩ ልክ ነበር። ለማረጋገጥ በረዶ ፈጭቼ በትንሽ ውሃ ቀላቅዬ እንክብሏን ከተትኩበት፤ 1 ዲግሪ አለ። የጨመርኳትን 8 ሁሉ ሰረዝኩ።

የተስተካከለው ልኬት፦

100 ሲል 118
150 ሲል 190
200 ሲል 262

ስኳሩ የነገረኝም ከዚህ ጋር ይገጥማል። ልዩነቱ 18፣ 40፣ 62 ነው። ከመዘውሩ ጋር እያደገ ይሄዳል። ይህን ዛሬ ጽፌዋለሁ፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አልገባኝም።

ኅዳር 22

የቴርሞስታቱን፣ ማለትም ሙቀቱን የሚቆጣጠረውን ዕቃ፣ መዘውር ወደ ፊት ስትስቡት ይወጣል። ከሥሩ ያለው ዘንግ ውስጡ ክፍት ነው፤ በባትሪ ብርሃን ሲታይ ከሥሩ አንዲት ትንሽ ብሎን አለች። የማስተካከያዋ ብሎን ናት። በቀጭን ካቻቪቴ ሩብ ዙር አዞርኩ፣ ለካሁ፣ እንደገና አዞርኩ፣ ለካሁ። ወደ ማታ 200 ሲል 203 አገኘሁ። በጣም ደስ አለኝ።

ሁለት ስሕተት ሠርቻለሁ። አንደኛ፣ ብሎኗ መጀመሪያ የት እንደነበረች ምልክት አላደረግሁም። ሁለተኛ፣ የለካሁት 200 ላይ ብቻ ነው። በማግስቱ የጾም ብስኩት 150 ላይ አስገብቼ በ25 ደቂቃ ውስጥ ገና ለስላሳ ነበር። ስለካው 150 ሲል 131፣ 100 ሲል 59 ሆኗል። አንዱን ጫፍ ሳስተካክል ሌላውን አበላሽቻለሁ።

ኅዳር 25

ባለሙያ ጠራሁ። መዘውሩን ሁለት ጊዜ ወዲያና ወዲህ አዞረና «ቴርሞስታቱ ሞቷል» አለ። ቁጥሮቼን ላሳየው ደብተሩን አወጣሁ፤ አላየውም። ቴርሞስታቱ 2,400፣ የእጁ 800። በአንድ ሰዓት ውስጥ ቀይሮ ሄደ። አሮጌውን አትውሰደው ብዬ አስቀረሁ፤ ለምን እንዳስቀረሁት እኔም በደንብ አላውቀውም ነበር።

ኅዳር 26

ለካሁ። 150 ሲል 226። ከመጀመሪያውም የባሰ ነው። 200 ላይ ልሞክር ብዬ ቁጥሩ 270ን ሲያልፍ ወዲያው አጠፋሁት፤ የሽቦው ልባስ መሽተት ጀምሮ ነበር። ደወልኩለት። «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይላመዳል» አለኝ። ቴርሞስታት አይላመድም። የአዲሱን ማሸጊያ አውጥቼ ሳነበው ከ50 እስከ 300 ይላል፤ የኔ መዘውር ላይ የታተመው ከ50 እስከ 250 ነው። ያው ዘንግ ያንኑ ያህል ይዞራል፣ የሚያዝዘው ሙቀት ግን ሌላ ነው። መዘውሩ 150 የሚለው ቦታ ለአዲሱ ቴርሞስታት 175 ነው። ቴርሞስታት የምትገዙ ሁሉ፣ መጀመሪያ በመዘውራችሁ ላይ የታተመውን ቁጥር ከማሸጊያው ጋር አስተያዩ። ሱቁ የተገጠመ የኤሌክትሪክ ዕቃ አይመልስም።

ታኅሣሥ 1

እናቴ ቡና እያፈላች እያለ የተበላሸውን ዳቦ ነገር አንስተን፣ «ድፎ ከላይም ከሥርም እሳት ይፈልጋል። እኛ ምጣድ ላይ ስንደፋ ክዳኑ ላይ ፍም የምናደርገው ለምን ይመስልሻል? ያንቺ ከሥር ብቻ ነው የነደደው» አለች። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ በቁጥር ስደክም ፊቱ የነጣውን ዳቦ ረስቼዋለሁ።

ወዲያው የዳቦ ቁራሾችን መደርደሪያው ላይ በሦስት ረድፍ ደርድሬ ሁለቱንም ማሞቂያ የሚያበራውን ምርጫ አደረግሁ። በአሥር ደቂቃ አወጣሁ። የሁሉም ሆድ ጠቁሯል፣ የሁሉም ጀርባ ነጭ ነው። የላይኛው ማሞቂያ ጭራሽ አይሠራም።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን ጋሼን ለመንኳቸው፤ ጡረታ የወጡ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው። ከመጀመራቸው በፊት ስፒናውን አስነቀሉ፣ ባልቦላውን አስወረዱ፣ ከዚያም በመልቲሜትሩ መብራት አለመኖሩን ራሳቸው አረጋገጡ። «ሦስት ጊዜ ነው የኔ ልጅ፣ አንድ ጊዜ አይበቃም» አሉኝ። ጋዙንም ዘግተን ምድጃውን ወደ ፊት ሳብነው። የጀርባው ላሜራ በስምንት ብሎን ታስሯል።

በኦም ስንለካ የታችኛው ማሞቂያ 40 አለ። 220 ሲባዛ በ220፣ ሲካፈል ለ1,200 ዋት፣ 40 ይመጣል፤ ስለዚህ ደኅና ነው። የላይኛውን ከሽቦው ጫፍ ስንለካ በስተግራ «1» ብቻ ታየ፤ መስመሩ ተቋርጧል ማለት ነው። ማሞቂያው ተቃጥሏል ብዬ ዋጋ ማሰብ ጀመርኩ። ጋሼ ግን ሽቦውን ነቅለው በቀጥታ የማሞቂያው ጫፍና ጫፍ ላይ አሳረፉት፤ 61 አለ። ማሞቂያው ሕይወት አለው። የተቃጠለው ሽቦውን ከማሞቂያው ጋር የሚያያይዘው ጥፍር የሚያክል ብረት ነው። በፒንሳ ስንነካው ተሰበረ፤ ውስጡ እንደ ጥላሸት ጥቁር ዱቄት ነበር።

በብየዳ ሊድ እናያይዘው ብዬ ጠየቅኋቸው። አይሆንም አሉ። ተራ የብየዳ ሊድ በ190 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ ከማሞቂያ አጠገብ ዛሬ ተይዞ ነገ ይወርዳል። ተጨፍልቆ የሚያያዝ ማያያዣና ሙቀት የሚችል ልባስ ያለው ሽቦ ያስፈልጋል። ናስትሮም እዚያ ቦታ አይገባም፣ ይቀልጣል።

ልንዘጋው ስንል ጋሼ ከቴርሞስታቱ የሚወጣውን ፀጉር መሳይ የመዳብ ቱቦ በጣታቸው ነክተው፣ «ይህ ለምን ይህን ያህል ተርፎ ተንጠለጠለ?» አሉ። ከላሜራው ውጭ አንድ ትልቅ ቀለበት ሠርቶ ነበር። ስለመሸ ተውነው።

ታኅሣሥ 4

ማያያዣዎቹና ሽቦው 180 ብር። ጋሼ እያዩኝ እኔ ራሴ ጨፈለቅሁት፤ ከዚያ እሳቸው ሽቦውን በኃይል ሳቡት፣ አልወጣም። የዳቦ ቁራሾቹን ደግሜ ደረደርኩ። ጀርባቸውም ቀላ። የላይኛው ጉዳይ አለቀ። ሙቀቱ ግን አሁንም የተሳሳተ ነው።

ያ የተረፈ ቱቦ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎ ነበር። ከውጭ ከተረፈ ከውስጥ ጎድሏል ማለት ነው። ኦቨኑ ሲቀዘቅዝ መደርደሪያዎቹን ሁሉ አውጥቼ፣ የስልኬን መብራት ይዤ አንገቴን አስገባሁ። የኋለኛው ግድግዳ ቀኝ ላይኛው ጥግ ላይ ሁለት ትንንሽ የብረት ጥፍሮች አሉ፤ አንዱ ተሰብሯል። ባዶ ናቸው። በመካከላቸው፣ በስድስት ዓመት ቅባት ቡናማ በሆነው ግድግዳ ላይ፣ የጣት ርዝመት ያለውና እንደ እርሳስ የቀጠነ ንጹሕ መስመር ይታያል። አንድ ነገር እዚያ ለዓመታት ተኝቶ፣ ቅባቱን ከልክሎ፣ ከዚያ የሄደ ነው። ከጥፍሮቹ ጎን ባለው ቀዳዳ የአንድ ነገር ጫፍ ወጣ ብሎ ይታያል፤ ግማሹ ከውስጥ፣ ግማሹ ከግድግዳው በስተጀርባ ባለው ፋይበርግላስ ውስጥ ነው።

ይህ ነገር የቴርሞስታቱ መዳሰሻ ነው። በውስጡ ፈሳሽ አለ። ፈሳሹ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ በፀጉር መሳዩ ቱቦ አልፎ ከመዘውሩ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ከረጢት ይነፋል፣ ከረጢቷም ማብሪያውን ገፍታ መብራቱን ታቋርጣለች። ሙሉው ብልሃት ይህ ነው፤ ኮምፒውተር የለውም። ስለዚህ ቴርሞስታት የሚያውቀው መዳሰሻው የተቀመጠበትን ቦታ ሙቀት ብቻ ነው። የኔው ግማሹ ቀዝቃዛው ጀርባ ውስጥ ተቀምጦ «ገና አልሞቀም» እያለ ሲያስነድድ ከርሟል።

ልዩነቱ ለምን እንደሚያድግም አሁን ገባኝ። ኦቨኑ በሞቀ ቁጥር በውስጡና በጀርባው መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል፤ ስሕተቱም አብሮ ይሰፋል። ብሎኗ የምታስተካክለው በሁሉም ቁጥር ላይ እኩል የሆነ ስሕተትን ነው። 18፣ 40፣ 62 የሚለው መስመር ኅዳር 19 ላይ ደብተሬ ውስጥ ነበር። እሱን በትክክል አንብቤው ቢሆን አዲስ ቴርሞስታት አልገዛም ነበር። ባለሙያውም አዲሱን መዳሰሻ ያስገባው እዚያው ቀዳዳ ላይ፣ እዚያው ግማሽ ድረስ ነው። እንዴት ወጣ? ከመኪና ሲወርድ የጀርባው ላሜራ አንድ ቦታ ጎድጉዷል፤ የተጠመዘዘው ቱቦ ያኔ ተስቦ፣ ጥፍሩን ሰብሮ የወጣ ይመስለኛል።

ታኅሣሥ 6

ምናለሽ ተራ ሄጄ የማይዝግ ብረት ቁራጭ በ50 ብር ገዛሁ። ከእሱ ሁለት ጥፍር በመቀስ ቆርጬ፣ በካቻቪቴ እጀታ ላይ ጠቅልዬ ቅርጽ አስያዝኳቸው፤ በነባሮቹ የብሎን ቀዳዳዎች ታሰሩ። አሮጌውን ቴርሞስታት መለስኩት፤ መዘውሩ የእሱ ነው። መዳሰሻው አሁን ሙሉ በሙሉ ከውስጥ ነው፤ ግድግዳውን አይነካም፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል።

ቱቦውን ስታስገቡ እንዳይታጠፍ ተጠንቀቁ። አንድ ቦታ ላይ ከታጠፈ ፈሳሹ አያልፍም፣ ከተሰነጠቀም ቴርሞስታቱ የእውነት ይሞታል። እኔ በወፍራም እርሳስ ዙሪያ እየጠመዘዝኩ ሰፊ ቀለበት እንዲሠራ አድርጌ አስገባሁት። በቀዳዳው ዙሪያ የቀረውን ክፍተት በፋይበርግላሱ ደፈንኩት። ይህን በባዶ እጄ ነው የሠራሁት፤ ክንዴ እስከ ሌሊት ድረስ ሲያሳክከኝና ሲያቃጥለኝ አደረ። ጓንት፣ ረጅም እጅጌና የአፍ መሸፈኛ ያስፈልጋል።

ታኅሣሥ 8

100 ሲል 58፣ 150 ሲል 109፣ 200 ሲል 161። ቁጥሩ ዝቅተኛ ነው፤ ኅዳር 22 ላይ ብሎኗን ስላዞርኳት ነው። ነገር ግን ልዩነቱን ተመልከቱ፦ 42፣ 41፣ 39። በሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት ነው። ይህን ሳይ ኦቨኑ የተስተካከለ ያህል ደስ አለኝ፤ የብሎኗ ሥራ ይኸው ነውና።

አሁን በጥፍር ቀለም ብሎኗ ላይና ዘንጉ ላይ ነጥብ አደረግሁ። ከዚያ አንድ ስምንተኛ ዙር እያዞርኩ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ቀዩ መብራት ሦስት ጊዜ ጠፍቶ እስኪበራ እየጠበቅሁ ለካሁ። ይህ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አንዱ ልኬት 50 ደቂቃ ይፈጃል። በሁለት ቀን አለቀ።

100 ሲል 103
150 ሲል 152
200 ሲል 204

180 ላይ ሲሠራ ከ171 እስከ 190 ይወጣና ይወርዳል። እንዲህ ላለ ሜካኒካል ቴርሞስታት ይህ በቂ ነው፤ ከዚህ በላይ አልነካካውም።

ታኅሣሥ 13

የመጀመሪያው የሙከራ ዳቦ፣ አንድ ኪሎ ዱቄት። ያገኘሁት የዳቦ አሠራር መመሪያ መሃሉ 96 ዲግሪ ሲደርስ አውጡት ይላል። እንክብሏን ወደ መሃሉ ከትቼ ጠበቅሁ። 80፣ 86፣ 90፣ 91። ከዚያ ቆመ። ሃያ ደቂቃ ተጨማሪ ጠበቅሁ፤ 91 ነው። ሳወጣው ቅርፊቱ እንደ ድንጋይ ደርቋል።

ኅዳር 17 ላይ የሠራሁትን ስሕተት ነው በሌላ መልኩ የደገምኩት። እርጥብ ሊጥ ውስጥ ያለው ውሃ እዚህ ከተማ በ92 ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ ውሃው ተኖ እስኪያልቅ የዳቦው መሃል ከዚያ አያልፍም። ለባሕር ጠረፍ የተጻፈ 96 ለእኛ የሚደርቅ ዳቦ ነው። ለራሴ 90 ሲደርስ አምስት ደቂቃ ብቻ ጨምሬ ላወጣ ወሰንኩ።

ታኅሣሥ 17

ጠዋት ኦቨኑ 180 ለመድረስ 17 ደቂቃ ይፈጅበታል፣ ማታ 27። እንደገና ተበላሸ ብዬ ደንግጬ ነበር። ሶኬቱን ለካሁ፤ መልቲሜትሩን ወደ ተለዋዋጭ ቮልት ከፍተኛው መደብ አዙሩት፣ ኦም ላይ ሆኖ ሶኬት ውስጥ ከገባ ዕቃውም እጃችሁም ላይ አደጋ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ 224 ቮልት፣ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ 187።

ሁሉም ቤት ምጣድና ምድጃ ሲያበራ ቮልቱ ይወርዳል፤ የማሞቂያ ኃይል ደግሞ የሚወርደው በቮልቱ ካሬ ነው። 220 ላይ 2,000 ዋት የሚሰጠው ኦቨን 187 ላይ 1,445 ዋት ብቻ ይሰጣል። ቴርሞስታቱ ግን ያው ሙቀት እስኪደርስ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ሙቀቱ አይሳሳትም፣ ይዘገያል እንጂ። የሚያበላሸው የኦቨኑ ቀይ መብራት ሳይጠፋ ሊጡን ማስገባት ነው። ትእዛዝ ያለበትን ዳቦ በጠዋት መጋገር ጀምሬያለሁ።

ታኅሣሥ 21

የበሩን ጎማ በወረቀት ፈተንኩ፦ ወረቀቱን በር ላይ ይዞ መዝጋትና መሳብ። በሁሉም ቦታ ያዘ፣ ቀኝ ላይኛው ጥግ ላይ ብቻ ተንሸራተተ። የጎማው መንጠቆ ወጥቶ ነበር፤ መለስኩት። ጎማው ደርቋል፣ በሚቀጥለው ዓመት መቀየሩ አይቀርም።

ወጪዬንም ደመርኩ። መልቲሜትር 1,650፣ ቴርሞስታት 2,400፣ የባለሙያ 800፣ ማያያዣና ሽቦ 180፣ የማይዝግ ብረት 50፣ ለሙከራ የጠፋው ዱቄትና ስኳር ወደ 700። በጠቅላላው 5,780 ብር። ከዚህ ውስጥ ኦቨኑን ያዳነው 230 ብር ነው፤ 3,200 ብሩ ሳይለካ ለተሰጠ ፍርድ የተከፈለ ነው። አዲሱ ቴርሞስታት በካርቶኑ ውስጥ ተቀምጧል፤ እስከ 300 የታተመ መዘውር ያለው ሰው ካገኘሁ እሸጥለታለሁ።

ታኅሣሥ 28፣ ገና ዋዜማ

ሊጡን እናቴ ናት ያቦካችው። ሁለት ኪሎ ዱቄት፣ እንደ ኅዳሩ ልክ። ኮባውን ከሥርም ከላይም አለበስነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ኦቨኑን ለኮስኩ፤ ሁለቱም ማሞቂያ፣ 180፣ መደርደሪያው ከሥር ሁለተኛው ላይ። ቀዩ መብራት በ17 ደቂቃ ጠፋ። አስገባነው። ከ35 ደቂቃ በኋላ የላይኛውን ኮባ አነሳሁለት፣ ፊቱ እንዲቀላ።

መሃሉ 90 የደረሰው በ57ኛው ደቂቃ ነው። አምስት ጨምሬ በ62 አወጣሁት። እናቴ ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና የሥሩን ኮባ ከዳር ጀምራ ላጠች። ቅጠሉ ደርቆ ቡናማ ሆኗል፣ ጅማቶቹ ግን አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፤ አልተቃጠለም። የቅጠሉ መስመር በዳቦው ሆድ ላይ ታትሞ ቀርቷል። በጣቷ ኳ ኳ አድርጋ አዳመጠችው፣ ነጠላዋን አውልቃ ሸፈነችውና «እስኪበርድ ማንም እንዳይቆርሰው» አለች።

180። 62 ደቂቃ። ከሥር ሁለተኛው መደርደሪያ። በጠዋት።